የታተመ ሥዕል ስልክ ሲደገንበት እንዲንቀሳቀስ፦ የንግሥተ ሳባ ፖስተር ላይ ኤአር ልጨምር ነው፣ ምከሩኝ

ቀለሟ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ቤቶች፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ።

የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በሳጥን በሳጥን የሚተርከውን ሥዕል የማያውቅ የለም። ቸርችል ጎዳና ያሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ውስጥ ተሰቅሏል። ውጭ አገር ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይም አለ። ብዙውን ጊዜ 44 ሳጥን ነው። ዘንዶው ከነገሠበት ዘመን ይጀምርና ምኒልክ ታቦቱን ይዞ እስከሚመጣበት ይዘልቃል።

እኔ ይህን ታሪክ በራሴ እጅ እንደ አዲስ እየሣልኩት ነው። ሳጥኖቹን ወደ 12 አውርጃቸዋለሁ። ታትሞ ፖስተር ይሆናል።

አሁን ምን አማረኝ? ሰው ስልኩን ፖስተሩ ላይ ሲደግን ሥዕሎቹ እንዲንቀሳቀሱ። ዘንዶው ይጠማዘዝ፣ ነጋዴው ታምሪን ግመሎቹን ይንዳ፣ ንግሥቲቱ ከአልጋዋ ትነሳ። አኒሜሽኑን ራሴ እሠራዋለሁ፣ ክሪታ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ በእጄ ነው የምሥለው። የቸገረኝ የኤአሩ ነገር ነው፣ ማለትም ካሜራው በሚያየው ላይ ተንቀሳቃሽ ምስል የሚደርበው ቴክኖሎጂ። የትኛውን አፕ ልጠቀም? ገዢዎቼ ግማሾቹ እዚሁ አዲስ አበባ ናቸው፣ ግማሾቹ ደግሞ ለልጆቻቸው ይዘው መሄድ የሚፈልጉ የውጭ ሰዎች። ስለ ህትመቱም ምክር ካላችሁ አልጠላም።

ኮድ በሌሊት

ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ግን "የትኛውን አፕ" ከማለትሽ በፊት አንድ ነገር አስቢ።

ፖስተሩ ግድግዳ ላይ ስንት ዓመት ይቆያል? ወረቀቱና ቀለሙ ደህና ከሆኑ 20 ዓመት ምንም አይለውም። አፑስ? አውራዝማ የሚባለውን የሚያስታውስ አለ? እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ ብዙ ተወርቶለት ነበር። መጽሔት ላይም ፖስተር ላይም ተሠራበት። በኋላ ኤችፒ ሪቪል ተባለ፣ ከዚያ ጭራሽ ተዘጋ። ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ ኤአር የሚሠራበት ሜታ ስፓርክ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2025 ላይ ተዘግቷል። ሰዎች የሠሩበት ሥራ ሁሉ አብሮ ወረደ። የአዶቢው ኤሮም በዚያው ዓመት መጨረሻ አበቃለት። ለእነሱ ተብለው የታተሙት ወረቀቶች ዛሬም አሉ። ስልክ ቢደገንባቸው ግን ምንም አይወጣም።

አርቲቪቭ የሚባል የቪየና ኩባንያ አለ፣ ለሠዓሊዎች ተብሎ የተሠራ ነው። ኮድ ሳትነኪ ሥዕሉንና ቪዲዮውን ትጭኛለሽ፣ አለቀ። ለሙከራ አሪፍ ነው። ግን ገዢሽ መጀመሪያ አፕ ማውረድ አለበት፣ ሥራሽም የሚኖረው እነሱ እስካሉ ነው።

የእኔ ምክር ድር ላይ ሥሪው ነው። ማይንድኤአር የሚባል ክፍት ኮድ አለ፣ ነፃ ነው። በስልኩ ብሮውዘር ነው የሚሠራው። ሰውየው ኪውአር ኮዱን ያነሳል፣ ገጹ ይከፈታል፣ ካሜራ ይፈቅዳል፣ ይጀምራል። አንድሮይድም ሆነ አይፎን ይቀበለዋል። ኤአርኮር የሚባለው የጉግል የኤአር ሶፍትዌር ያስፈልገው ቢሆን ኖሮ ጉግል ያጸደቃቸው ስልኮች ላይ ብቻ ነበር የሚሠራው፤ ይሄኛው ያንን አይጠይቅም። ፋይሎቹ በእጅሽ ናቸው። አንዱ ሰርቨር ቢዘጋ ወደ ሌላ ታዛውሪዋለሽ።

ኪውአሩ ደግሞ የራስሽ ዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ) ላይ ይምታ። ነፃ ኪውአር የሚሰጡ ድረ ገጾች ሊንኩን በራሳቸው በኩል አዙረው ነው የሚሰጡሽ። በኋላ "ክፍያ ካልፈጸሙ" ብለው ሲያቆሙት የታተመውን ወረቀት ማን ያስተካክለዋል?

ቁጭ በሉ

ይሄ ሁሉ ድካም ለ5 ሰከንድ ቪዲዮ? ዩቲዩብ ላይ ልቀቂውና ይየው።

የማተሚያ ቤት ልጅ

@ቁጭ በሉ ወንድሜ አንተ ደግሞ ተው እስቲ 😄

እህቴ፣ የህትመቱን ነገር ለእኔ ተይው።

ግሎሲ ላሚኔሽን (የሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ሽፋን) እንዳታስደርጊ። ሱቅ ውስጥ ሲያዩት ያምራል፣ ቀለሙን ያነሳዋል። ግን ቤት ተሰቅሎ አምፖል ሲበራበት ነጭ ነጠብጣብ ይወጣበታል፣ ካሜራው ያንን ሥዕል አድርጎ ይወስደዋል። ማት (የማያብረቀርቅ) ይሁን። በመስታወት ለሚያስፍሬምም ሰው ችግሩ ያው ነው፣ መስኮት ፊት ለፊት እንዳይሰቅል ንገሪው።

ሁለተኛ፣ ተጠቅልሎ በቱቦ የሚሸጥ ፖስተር ሲዘረጋ ጫፍ ጫፉ ይነሳል። የስልኩ ሒሳብ ደግሞ ወረቀቱ ጠፍጣፋ ነው ብሎ ነው የሚነሳው። ከተጣመመ አኒሜሽኑ ከሥዕሉ ላይ ይንሸራተታል። ወፈር ያለ ወረቀት ተጠቀሚ፣ ጠፍጣፋ አድርገሽ ብትሸጪው ደግሞ ይሻላል።

ሦስተኛው ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨው ነው። ስክሪን ላይ ያየሽው ቀይ ወረቀት ላይ አይገኝም። ስክሪኑ በብርሃን ነው የሚሠራው፣ እኛ ጋ በአራት ቀለም። አኒሜሽኑን በስክሪን ቀለም ሠርተሽ በታተመው ላይ ስትደርቢው የንግሥቲቱ ካባ ሁለት ዓይነት ቀይ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ማሳያ አሳትሚ። እሱን ስካን አድርጊ ወይ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺው። ከዚያ አኒሜሽኑን ወደታተመው ቀለም አምጪው። ሰዉ ህትመቱን ወደ ስክሪኑ ለማምጣት ነው የሚታገለው፣ አይሆንም።

ኮድ በሌሊት

የማተሚያ ቤት ልጅ ትክክል ነው። አንድ ልጨምርበት፦ ቤት ውስጥ ቢጫ አምፖል ካለ ወረቀቱ ካሜራው ላይ ቢጫ ሆኖ ይታያል። የደረብሽው ቪዲዮ ግን ቀለሙን አይቀይርም። ሳጥኑን በሙሉ ከሸፈንሽው ስቲከር የተለጠፈ ይመስላል። የሚንቀሳቀሰውን ሰው ብቻ ቆርጠሽ ዳራውን ለወረቀቱ ብትተይለት ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ግን ሰውየው ሲንቀሳቀስ ከሥሩ የታተመው ሰውዬ ብቅ ይላል! እሱን የምትሸፍኚበት የዳራ ቁራጭ መሣል አለብሽ።

ቀለሟ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ሁሉ አልጠበቅኩም። የቀለሙን ነገር ማስታወሻዬ ላይ አስፍሬዋለሁ።

ጥያቄ ለኮድ በሌሊት፦ ስልኩ ሥዕሉን የሚያውቀው በምንድነው? ሳጥኖቹን የሚከፍለው ክፈፍ የብራና ሐረግ ነው፣ በብራና መጻሕፍት ላይ ያለው የጥልፍ ጌጥ። ያስቸግረው ይሆን?

ኮድ በሌሊት

ያስቸግረዋል! ደግ ጠየቅሽ።

ስልኩ ሥዕሉን እንደ ሰው አያይም። መጀመሪያ ቀለሙን ጥሎ ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጠዋል። ከዚያ ብርሃንና ጨለማ በድንገት የሚገናኙባቸውን ማዕዘኖችና ሹል ነጥቦች ይፈልጋል። የነጥቦቹ አቀማመጥ ነው ሥዕሉን የሚያሳውቀው። ስለዚህ ሦስት ነገር ይጠላል። ባዶ የተለቀለቀ ቀለም፣ ደብዛዛ ነገር፣ እና ድግግሞሽ።

ሐረግ ማለት ድግግሞሽ ነው። ያው ጥልፍ ሺህ ጊዜ ስለሚመጣ ካሜራው የቱ ጋ እንዳለ ይጠፋበታል። የጎንደሩን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ አስቢው። የመላእክቱ ፊት በረድፍ በረድፍ ተደርድሮ የለ? ለሰው ዓይን ድንቅ ነው፣ ለዚህ ኮድ ግን መከራ ነው። ሐረጉን ከፖስተሩ አታውጪ፣ ለኮዱ ከምትሰጪው ምስል ላይ ብቻ ቁረጪው። የሳጥኑን ውስጥ ብቻ ስጪው።

ሌላው የባህላዊ ሥዕል ጉዳይ ቀለሙ ነው። አረንጓዴና ቀይ ጎን ለጎን ሲሆኑ ለዓይን ይጮሃሉ። ወደ ግራጫ ሲለወጡ ግን ሁለቱ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። አሁኑኑ ሥዕልሽን ጥቁርና ነጭ አድርገሽ እይው። ያኔ የሚጠፋብሽ መስመር ለስልኩም ጠፍቷል። ጥቁር ቅርጽ መስመሩን ወፈር ካደረግሽው ይድናል። የእኛ ሥዕል መስመሩ ወፍራም መሆኑ እዚህ ላይ ጠቅሞሻል።

መጠን፦ ጉግል ለኤአርኮር ሲመክር የታተመው ምስል ቢያንስ 15 በ15 ሴንቲሜትር ይሁን ይላል፣ መጀመሪያ ሲታወቅም የካሜራውን እይታ ሩብ ያህል መሙላት አለበት። ማይንድኤአር ላይም ይህን መነሻ ብታደርጊው አይጎዳሽም። 12 ሳጥን በ4 አምድና በ3 ረድፍ ካልሽ ኤ2 ወረቀት አይበቃሽም። ኤ1 አግድም 84 በ59 ሴንቲሜትር ግድም ነው። ሳጥኖቹን 18 በ16 አድርገሽ ለሐረጉና ለጽሑፉ ቦታ ይተርፍሻል።

ጋሽ ብሩሽ

ልጆች፣ ሁላችሁም ሥራ አዋቂ ናችሁ፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ። እኔ ግን የማይገባኝ አለ።

ያ ሥዕል እኮ ድሮም ይንቀሳቀሳል። ዓይንሽ ከሳጥን ሳጥን ሲሄድ ታሪኩ ይሄዳል። አባቶቻችን ሲያስቡት እንደዚያ ነው። ግመል እግሩን ስላነሳ ምን ተጨመረ? ልጁ ስልኩን አየ፣ ሥዕሉን አላየም። ስልኩ ሲነጠቅ ግድግዳው ላይ ያለው ነገር "የማይሠራ" ነገር ይሆንበታል።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሠዓሊ ስለሆንሽ። በባህላዊ ሥዕላችን ደጉ ሰው ፊት ለፊት ነው የሚሣለው፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው በጎን ነው የሚሣለው፣ በአንድ ዓይኑ። አኒሜሽን ማለት ደግሞ ሰው መዞሩ ነው። ንግሥቲቱን ወደ በሩ ዘወር ስታደርጊያት አንድ ዓይን ቀራት። ያኔ ምን አልሽ? አስበሽበታል?

የማተሚያ ቤት ልጅ

ኧረ ጋሼ! ይሄን ሳላውቅ ነው ስንቱን ሥዕል ያተምኩት።

ቀለሟ

ጋሽ ብሩሽ፣ ዝም አስባሉኝ እኮ። የጎን ፊቱን ነገር አውቀዋለሁ፣ ሥዕሌ ላይም ጠብቄዋለሁ። ዘንዶውን የሚገብሩለት ሰዎች ሁለት ዓይን አላቸው፣ ክፉ የሆነው ሁሉ በጎን ነው። ግን ከአኒሜሽኑ ጋር አላያያዝኩትም ነበር።

አሁን ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። የውሃውን ሳጥን ታውቁታላችሁ። ሰሎሞን ቅመም የበዛበት ራት አብልቷታል። ከቤቴ ምንም ሳታስፈቅጂ እንዳትወስጂ ብሎ አስምሏታል፣ እሱም በግድ እንዳይነካት ምሏል። ሌሊት ጥም ሲያቃጥላት ተነስታ ወደ ውሃው ትሄዳለች። እሱ የተኛ መስሎ ያያታል። እጇን ስታነሳ ይይዛታል። መሐላሽን አፈረስሽ ይላታል። ውሃ ነው እንጂ ምን ወሰድኩ ትለዋለች።

በወረቀቱ ላይ ሰሎሞን እንደ ልማዱ ፊት ለፊት ነው፣ ጠቢቡ ንጉሥ ነዋ። ስልክ ሲደገንበት ግን እሷ ወደ ማሰሮው ስትሄድ እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ይዞራል። ለአንድ አፍታ በጎን ይታያል። አንድ ዓይን። ከዚያ ተመልሶ ፊት ለፊት።

ይሄን ወረቀቱ ላይ መሣል አልችልም። ብሥለው ሰሎሞንን ክፉ አደረግኩት። ሳልሠራው ብቀር ደግሞ ያቺ ሌሊት ላይ ያለኝን ጥያቄ ዋጥኩት።

ጋሽ ብሩሽ

እህ! እንደሱ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ይሄን የሥዕሉን ቋንቋ የሚያውቅ ያየዋል። የማያውቅ ደግሞ ሰውየው ዞረ ይላል፣ ያልፋል። ጥሩ ነው። ግን ፈጥነሽ አታዙሪው። ካርቱን እንዳይሆን።

ሜሪላንድ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሠዓሊም ኮደርም አይደለሁም። እንደ ገዢ ልናገር።

ልጆቼ አማርኛ ይሰማሉ፣ ማንበብ ግን አልቻሉም። ሳሎናችን ውስጥ ይሄው የ44 ሳጥኑ ሥዕል አለ፣ አባቴ ነው ከአገር ቤት ያመጣልን። ከሥሩ የተጻፈውን የሚያነብላቸው ሰው ካላገኙ ለእነሱ ብዙ ትንንሽ ሰዎች ናቸው። እኔ ደግሞ ከሥራ ስመለስ የማንበብ አቅሙ የለኝም፣ እውነቱን ለመናገር።

ስለዚህ ቀለሟዬ፣ ለእኔ መንቀሳቀሱ ሁለተኛ ነው። ድምፅ አድርጊበት! አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት ያንን ሳጥን በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ይተርኩት። በአገር ቤት ለዛ። እንግሊዝኛ አታድርጊበት፣ እንግሊዝኛውን የትም ያገኙታል። ልጄ ስልኩን ደግኖ "ታምሪን" የሚለውን ስም በትክክል ቢሰማ ለእኔ ይበቃኛል።

ሌላ፣ ትንሿ ልጄ እጇ አይደርስም። ፖስተሩ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ስልኩን ወደ ላይ ይዛ ትደክማለች። አንዴ ካየው በኋላ ስልኩን ብታወርደውም ድምፁ እንዲቀጥል ማድረግ ይቻላል?

ኮድ በሌሊት

ይቻላል እትዬ። እንዲያውም እንደሱ ነው መሆን ያለበት። ሥዕሉ ከካሜራው ሲወጣ አኒሜሽኑ ይጠፋል፣ ድምፁ ግን እስኪያልቅ ይቀጥል። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ያስራቸዋል፣ እጅ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ትረካው ይቆራረጣል።

አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። የስልክ ብሮውዘር ሰው ሳይነካው ድምፅ እንዲጮህ አይፈቅድም፣ አይፎን በተለይ። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ "ጀምር" የሚል ትልቅ ቁልፍ አድርጊ። በዚያች አንድ ንኪ ድምፁም ካሜራውም ይፈቀዳል። ገጹም በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ካሜራው አይከፈትም። ቴሌግራም ውስጥ ሊንኩን ለሚከፍት ሰው ደግሞ "በክሮም ክፈት" የሚል ማሳሰቢያ አስቀምጪለት። በአፖች ውስጥ ያሉት ብሮውዘሮች ካሜራ ላይ ብዙ ጊዜ ይነጫነጫሉ።

አሁን ስለ ዳታ። አዲስ አበባ ያለው ገዢሽ በሞባይል ዳታ ነው የሚያየው። 12ቱን ቪዲዮ በአንዴ አታውርጅበት። የደገነበት ሳጥን ሲታወቅ የዚያ ብቻ ይውረድ። በእጅ የተሣለ አኒሜሽን ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። በሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃዋል፣ 4 ሰከንድ ዙር 48 ሥዕል ነው። ጠፍጣፋ ቀለም ስለሆነ ቪዲዮው ሲጨመቅ በጣም ያንሳል።

ዳራ የሌለው ቪዲዮ ላይ ግን ተጠንቀቂ። አንድሮይድ ላይ ክሮም የሚቀበለውን ዓይነት አይፎን አይቀበልም፣ የአይፎኑንም ያኛው አይቀበልም። ሁለት ሁለት ፋይል ከመያዝ አንድ መላ አለ። ቪዲዮውን ቁመቱን እጥፍ አድርገሽ ከላይ ሥዕሉን፣ ከታች ደግሞ የሥዕሉን ጥላ በጥቁርና በነጭ አስቀምጪ። ነጭ የሆነው ይታያል፣ ጥቁሩ ይሰወራል። ኮዱ ሁለቱን ያዋህዳቸዋል። ተራ ኤምፒ4 ስለሆነ ሁሉም ስልክ ያጫውተዋል። ኮዱን እኔ እጽፍልሻለሁ፣ አትጨነቂ።

የቅኔ ተማሪ

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። የታቦቱን ሳጥን ልጠይቅ። እሱም ይንቀሳቀሳል?

ፖስተሩ ለጸሎት የሚሰቀል ሥዕለ አድኅኖ እንዳልሆነ ይገባኛል፣ ታሪክ ነው። ግን ሰው ቤቱ ይሰቅለዋል። ታቦቱ ሲወዛወዝ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘል ቢያይ ብዙ ሰው ቅር ይለዋል። እኔም ቅር ይለኛል። ቅዱሳን ሥዕላትን በአፕ ዓይናቸውን እያስጠቀሱ የሚለጥፉ ሰዎች አሉ፣ ያንን ሳይ አንጀቴ ያራል።

ቁጭ በሉ

ታሪክ ነው ብለሃል፣ ታሪክ ከሆነ ምን ችግር አለው?

የቅኔ ተማሪ

ችግሩ ማክበሩ ላይ ነው ወንድሜ። አትሣይ አላልኩም። ስትሥል ይሸፈናል፣ ሰዎቹ ተሸክመውት ይሄዳሉ። መራመዱን የሚራመዱት ሰዎች ናቸው። እሱ እንደተከበረ ይቆይ።

ቀለሟ

የቅኔ ተማሪ፣ እስማማለሁ። ያ ሳጥን አይንቀሳቀስም። ድምፅ ብቻ ይኖረዋል።

ጋለሪ ለጋለሪ

ከውጭ ሁለት ምሳሌ ላምጣ፣ ለክርክሩ ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ቶሮንቶ የሚገኘው የኦንታሪዮ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ከስብስቡ ያሉትን የድሮ ሥዕሎች መርጦ በኤአር አስነሳቸው። ተመልካቹ ታብሌት ሲደግን በሥዕሉ ላይ ያሉት ሰዎች ወደ ዛሬው ዘመን ይመጣሉ። ሐሳቡ ሰዉ ሥዕሉን ቀና ብሎ እንዲያይ ነበር። በ2018 ደግሞ ኒው ዮርክ ሞማ በሚባለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ የአሜሪካዊው ሠዓሊ የጃክሰን ፖሎክ ሥዕሎች ያሉበትን ክፍል የአርቲስቶች ቡድን ሙዚየሙን ሳያስፈቅድ የራሱ ኤግዚቢሽን አደረገው። ግድግዳው ላይ አንድ ሚስማር አልመቱም። በአፓቸው የሚያይ ሰው ብቻ በፖሎክ ሥዕል ላይ የእነሱን ሥራ ያያል።

ጋሽ ብሩሽ ያሉትን የሚደግፍም የሚቃወምም አለበት። ለእኔ የሁለተኛው ይበልጣል፣ ምክንያቱም ከሥዕሉ ጋር ይከራከራል። የቀለሟ የሰሎሞን ዓይን እንደዚያ ነው። ግመሉ ግን... ግመሉ ጌጥ ነው፣ አትቀየሚኝ።

የህትመቱ ወረቀት ባዶ የሆነበትም አለ። በ2012 አሜሪካ የታተመ የግጥም መጽሐፍ ገጾቹ ላይ ግጥም የለም፣ ጥቁርና ነጭ ካሬ ምልክት ብቻ። ኮምፒውተር ካሜራ ፊት ሲያዝ ነው ቃላቱ የሚነሱት። እኔ አልወደድኩትም። ኮምፒውተሩ ከሌለ ምን ያዝኩ?

አንባቢ ከሐዋሳ

ጥያቄ አለኝ። እኔ ቤት የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕል ህትመት አለ። እሱን አኒሜት አድርጌ ፖስት ባደርግ ይቻላል?

ጋለሪ ለጋለሪ

ህትመቱን መግዛትህ መብቱን አይሰጥህም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኢኮኖሚ መብቱ አመንጪው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። እሳቸው ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፣ ሒሳቡን አንተው ሥራው። ወራሾችን አስፈቅድ፣ ወይም እንደ ቀለሟ የራስህን ሣል።

ቀለሟ

ሙከራዬን ላሳውቃችሁ።

ጥቁርና ነጭ አድርጌ አየሁት። የራቱ ሳጥን ላይ የሰሎሞን አረንጓዴ ካባና ከኋላው ያለው ቀይ መጋረጃ አንድ ግራጫ ሆኑ! ንጉሡ ጭንቅላትና እጅ ብቻ ቀረ። መጋረጃውን አጠቆርኩት፣ ካባው ላይ የጥልፍ ነጥቦች ጨመርኩ። ማይንድኤአር ላይ ስጭነው ነጥቦቹን ያሳያል፣ አሁን ካባው ሙሉ በሙሉ በነጥብ ተሞልቷል። ሥዕሉም በወረቀት ላይ አማረበት፣ መጋረጃው ሲጠቁር ሌሊት ሌሊት አለ።

ሐረጉን ስቆርጠው ስልኬ ሳጥኑን ወዲያው ነው የያዘው። አብሮ ሲገባ ግን የዘንዶው አኒሜሽን ግብዣው ላይ ይወጣ ነበር፣ እየሳቅኩ ነው ያየሁት።

የወሰንኩት ይሄ ነው። የሚንቀሳቀሱት አራት ሳጥኖች ብቻ ናቸው፦ ዘንዶው፣ ራቱ፣ ውሃው፣ እና ምኒልክ ቀለበቱን ለአባቱ የሚያሳይበት። ግመሉን ጋለሪ ለጋለሪ ገደልክብኝ፣ ይቅር 😂። ለ12ቱም ግን ትረካ ይኖራቸዋል። ተራኪዋ አክስቴ ናት፣ ተረት ስትነግረኝ ነው ያደግኩት። ጽሑፉም ከየሳጥኑ ሥር በደንብ ይነበባል፣ ስልክ የሌለው ሰው ታሪኩ እንዳይቀርበት።

ፋይሎቹን በሙሉ ደግሞ ለሚገዛ ሰው ከገጹ ላይ አውርዶ እንዲያስቀምጥ አደርጋለሁ። ገጹ አንድ ቀን ቢጠፋ ቪዲዮውና ድምፁ እሱ ጋ ይኖራል።

ሜሪላንድ እናት

አክስትሽን ሳሚልኝ። ሁለት እፈልጋለሁ፣ አንዱ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ነው። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ጠፍጣፋውን ካርቶን ሻንጣ ይቀበለው ይሆን? ኤ1 ትልቅ ነው መሰለኝ።

የማተሚያ ቤት ልጅ

ሻንጣ አይገባም እትዬ። ለእርስዎ በሰፊ ቱቦ እናደርገዋለን፣ ጠበብ ያለው ነው ወረቀቱን የሚያጣምመው። ሥዕሉ ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቀለል። ሲደርስ በጀርባው ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝተው መጽሐፍ ይጫኑበትና ይደር።

ቀለሟ፣ ለማሳያው አንድ ሳጥን ብቻ በትክክለኛ መጠኑ አምጪ፣ የውሃውን ይሁን፣ ጨለማው ስለሚያስቸግር። ጥቁሩ በአራቱም ቀለም ተሞልቶ እንዳይመጣ፣ ወረቀቱ ይረጥባል። ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጊው። በቴሌግራም ስትልኪው ደግሞ እባክሽ እንደ ፎቶ አትላኪው፣ ይጨመቅብሻል። እንደ ፋይል ላኪው።

ቀለሟ

እሺ፣ ነገ ጠዋት እልካለሁ። ጋሽ ብሩሽ፣ የሰሎሞንን መዞር ሣልኩና 9 ሥዕል ሆነ። ፈጥኗል?

ጋሽ ብሩሽ

ላኪልኝ ልየው። እንደ ፋይል 😄